የለቅሶ መስመር

አዳማ ውስጥ ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው ሰዓት አይደለም፤ ኮረብታውን ነው። የንፋስ ምሰሶዎቹ ክንፍ እየዞረ ከሆነ ሸሚዝ ይተኮሳል፣ ዳቦ ይጋገራል፣ ሱቅ ይከፈታል። ካልዞረ ሸሚዙ እንደተጨማደደ ይለበሳል፤ የተጨማደደውም ሸሚዝ የት እንደሚለበስ አይታወቅም፤ ምክንያቱም የሚኬድበት ሥራ የለም።

ማሂደር የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሲነፍስ ትገባለች፣ ሲቆም ትወጣለች። ባለፈው ዓመት ያለ ማጉረምረም ስለገባችና ስለወጣች «የተለዋዋጭነት አርአያ» ተብላ ተሸልማለች። ሽልማቱ የኤሌክትሪክ ካውያ ነበር። ካርቶኑ ላይ «ሲነፍስ ብቻ» የሚል ማሳሰቢያ ተለጥፎበታል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጽኑ መስመርና እንደሁኔታው መስመር። ጽኑ መስመር የሚሰጠው ፍላጎቱ ለማይለዋወጥ ደንበኛ ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ በጋም ክረምትም እኩል ለሚወስድ። ደንቡ አድልዎ የለበትም፤ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል። እስካሁን መስፈርቱን ያሟሉት ግን ከከተማው ወጣ ብለው የተሠሩት፣ ኮምፒዩተር የሞላባቸው የስሌት አዳራሾች ብቻ ናቸው። አዳራሾቹ አይተኙም፣ ራት አይሠሩም፣ እንግዳ አይመጣባቸውም። ከመሬት ሥር የሚወጣው እንፋሎት የእነሱ ነው። የግድቦቹም ኃይል የእነሱ ነው። ለሰው የሚደርሰው ንፋስና ፀሐይ ነው፤ ያውም ከእነሱ ሲተርፍ። ሰው ተለዋዋጭ ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ምድብ ነው።

አዳራሾቹ ምን እንደሚያሰሉ ማሂደር በደንብ አታውቅም። የምታውቀው፣ ከሚያሰሏቸው ነገሮች አንዱ የሚቀጥለው ዓመት አተያይ መሆኑን ነው።

አተያዩ በየመስከረሙ በሬዲዮ ይነበባል። የትኛው ኃይል ተስፋ እንዳለው፣ የትኛው ተስፋው እንደቀነሰ ይነገራል፤ ሕዝቡም ጓዙን ያስተካክላል። በሃይድሮጅን ዓመት በየግቢው የተዘረጋው ቧንቧ ዛሬ ልብስ ይሰጣበታል። በጨው ባትሪ ዓመት የታደሉት ሳጥኖች የዶሮ ማደሪያ ሆነዋል፤ ዶሮዎቹ እስካሁን ቅሬታ አላሰሙም። ትንሹ የኑክሌር ማብላያ ግን በየዓመቱ ተስፋ ሰጪ ነው። የማሂደር እናት ሕፃን ሳሉም ተስፋ ሰጪ ነበር። አተያዩ ምንም ይበል ምን፣ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ወሳኝ ናቸው።»

ያንን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ዓመታት በሬዲዮ ያነበቡት የማሂደር እናት፣ እማማ ሶልያና፣ ናቸው። ሰው ፊታቸውን ሳያውቅ ድምፃቸውን ያውቅ ነበር። ዛሬ ሳንባቸው ከድቷቸዋል። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ቱቦው አልጋቸው ሥር ከሚያጉረመርም የኦክስጅን ማሽን ጋር ይገናኛል። ማሽኑ ሲቆም ከንፈራቸው ይጠቁራል። ይህን ሐኪሙም፣ ጎረቤቱም፣ የመስመር ጽሕፈት ቤቱም ያውቃል።

እስከ ዓምና ድረስ ማሽኑ ልዩ ፈቃድ ነበረው፤ ንፋስ ቢኖርም ባይኖርም ይሠራ ነበር። በዘንድሮው አተያይ ግን በየቤቱ ያሉ የሕክምና ማሽኖች ወደ እንደሁኔታው መስመር ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ ንፋሱ ለአፍታ በቆመ ቁጥር የማሽኑ ትንሽ ባትሪ ክፍተቱን ሲሸፍን ቆየ። ሐምሌ ገባ። ሰማዩ በደመና ተሸፈነ። አንድ ጠዋት ማሂደር ቀና ስትል ክንፎቹ በሙሉ ቆመዋል።

እጥረት የሚባል ነገር የለም፤ ቃሉ ከአገልግሎት ወጥቷል። ያለው «የእርጋታ ወቅት» ነው። ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፤ «ውድ ደንበኛ፣ እንኳን ለእርጋታው ወቅት በሰላም አደረስዎ።»

ጎረቤቷ ያብስራ ፀጉር አስተካካይ ነው። መቁረጫው በእጁ እንደያዘው ጠፋበትና ደንበኛው በግማሽ ጭንቅላት ወጣ። አዳማ ውስጥ ግማሽ ጭንቅላት ነውር አይደለም። ሰውየው መብራት ሲሄድ ሳይጨቃጨቅ ከወንበር የሚነሣ ጨዋ ዜጋ መሆኑን ያሳያል።

ማሂደር መስመር ጽሕፈት ቤት ደወለች። ያነሣችው ልጅ ድምፅ ለስላሳ ነበር።

«እናቴ በማሽን ነው የምትተነፍሰው» አለች ማሂደር። «የማሽኑ ባትሪ ደግሞ ቢበዛ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ነው።»

«እናመሰግናለን እመቤቴ። ጉዳዩን አይቼዋለሁ። በጥናቱ መሠረት እኮ የእናትዎ የኦክስጅን ፍላጎት በወር ሲደመር ከአቅርቦቱ ጋር እኩል ነው።»

«በወር ሲደመር?»

«አዎ። ንፋስ ባለበት ቀን በደንብ ከተነፈሱ፣ እርጋታ ሲሆን መቀነስ ይችላሉ።»

«ልጄ፣ አንቺ ትንፋሽሽን አጠራቅመሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ጽኑ መስመር ያለበት ሕንፃ ውስጥ ነው የምሠራው» አለች። ለመኩራራት አልነበረም፤ የጠየቋትን መመለሷ ነበር። ከዚያ ስለ አገልግሎቱ ከአምስት ስንት እንደምትሰጣት ጠየቀቻት።

ማሂደር ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄደች።

ድሮ እድር ድንኳን፣ ትልልቅ ድስትና አግዳሚ ወንበር ነበረው። አሁንም አለው። በዚያ ላይ በጋሪ የሚገፋ ትልቅ ባትሪ አለው። መንግሥት ብዙ ነገር ይደፍራል፤ ለቅሶ ግን አይደፍርም። ስለዚህ ለየሰፈሩ እድር ቀጭን፣ የማይቋረጥ መስመር ተትቷል፤ የለቅሶ መስመር ይሉታል። የሞት ጡሩምባ ሲነፋ መስመሩ ይከፈትና ባትሪውን ይሞላል። ሠልስት ሲወጣ ይዘጋል። ከዚህ ውጪ ማንም አይነካውም፤ በተለይ ጋሽ ናኦል ዳኛ ሆነው እያሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ናኦል፣ ማሂደርን በራፋቸው ላይ ሲያዩ። በእሳቸው ሥራ ሰላምታ ይኸው ነው።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«ተመስገን። ታዲያ ምን ልታዘዝ?»

«ባትሪውን ፈልጌ ነው። ለእማዬ። ንፋሱ እስኪመጣ ብቻ።»

ጋሽ ናኦል መነጽራቸውን አወለቁ። ሰው ሊያስቀይሙ ሲሉ ሰውየውን ማየት አይወዱም።

«ባትሪው ለሟች ነው፣ ልጄ።»

«ካልሰጡኝ እኮ ሟች ይኖራል።»

«ያን ጊዜ ጥሪኝ። በሩጫ ነው የምመጣው።»

ክፋት አልነበረበትም። በእውነትም በሩጫ ይመጡ ነበር። ማሂደር ከበራፉ አልንቀሳቀስ ስትላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቴ የሞተ ጊዜ የዚያን ጊዜው ዳኛ ባትሪውን ለሠርግ አውሶት ነበር። ሠርገኛው ሲጨፍር እኛ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን አለቀስን። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን አቅፎኝ አለቀሰ፣ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ለሕያው አይሰጥም ብዬ ምያለሁ። አትቀየሚኝ።»

ማሂደር ቤት ስትመለስ እናቷ ትራስ ተደግፈው ጣሪያውን እያዩ ነበር።

«እምቢ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ናኦል ልክ ነው። ሕግ ያውቃል።» እማማ ሶልያና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ዓረፍተ ነገር ከመጀመራቸው በፊት የት የት ላይ እንደሚያርፉ የሚያውቁ ሴት ናቸው። «በይ እንግዲህ ልሙትላቸው።»

«እማ!»

«ምን እማ ትይኛለሽ? ሮቤልን ጥሪውና ጡሩምባውን ይንፋ።»

«አስከሬኑስ ቢሉኝ?»

«የት አገር ነው ለቅሶ ቤት ተገብቶ አስከሬኑን አሳዩኝ የሚባለው? የያብስራ ወንድም ባሕር ላይ ሞተ ሲባል ማን አስከሬን ጠየቀ? ሦስት ቀን አለቀስን፣ እዝን በላን፣ ተበተንን። ሰውየው በዓመቱ ደውሎ እንዴት ናችሁ አለን። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም።»

የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሮቤል ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። የተባለውን በራፉ ላይ ቆሞ ሰማና አንገቱን አከከ።

«እኔ ውሸት ነፍቼ አላውቅም፣ ማሂ።»

«የያብስራን ወንድምስ?»

«እሱ ስሕተት ነው። ስሕተትና ውሸት አንድ አይደለም።»

«እንግዲያው አንተም ተሳሳትልኝ።»

ሮቤል አሰበ። በሰፈሩ ውስጥ ንፋስ ሳይጠብቅ የሚሠራ ብቸኛው መሣሪያ የእሱ ጡሩምባ ነው። አንሥቶ ወጣ።

«የእድራችን አባላት ሆይ! ስሙ! እማማ ሶልያና፣ የአተያዩ አንባቢ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል! ለቅሶው እቤታቸው ነው! የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ወደፊት ይገለጻል!»

ጋሽ ናኦል ባትሪውን በጋሪ እየገፉ በሩጫ መጡ። ቤት ገብተው አልጋውን በሚጋርደው መጋረጃ ፊት ቆሙ። ከመጋረጃው ወዲያ የሚያጉረመርም ማሽንና የሚሳል ሰው ነበር። ማሂደር ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ጋሽ ናኦል የማሽኑን ድምፅ ሰሙ፤ ሳሉን ሰሙ። ጡሩምባው ደግሞ ተነፍቷል። ለቅሶ ቤት መጥቶ ሐዘንተኛን መጠያየቅ በእሳቸው ዕድሜ አልተሰማም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉና ገመዱን ሰኩ።

በአዳማ ታሪክ እንደዚህ ሰው የበዛበት ለቅሶ የለም ይባላል። ሰዉ ደረቱን እየደቃ መጣ፤ ከግራ ኪሱ ስልክ፣ ከቀኝ ኪሱ ቻርጀር ተንጠልጥሏል። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ እናቴን!» ብላ በራፉ ላይ ወደቀችና ሲያነሷት «ዲቫይደሩ የት ነው?» አለች። ያብስራ መቁረጫውን ይዞ መጥቶ ድንኳኑ ጥግ ላይ የጀመራቸውን ጭንቅላቶች ጨረሰ። በሐዘን ቤት ፀጉር መቆረጥ ደስ ባይልም፣ ግማሽ ሆኖ ከመቆየት ይሻላል ተባለ። ወንዶቹ ካርታ ተጫወቱ። ንፍሮ ዞረ። ማሂደር ማልቀስ ስላቃታት ሁሉም ጥንካሬዋን አደነቁ።

መጋረጃው ጀርባ እማማ ሶልያና ይሰማሉ።

«ድምፃቸው እኮ!» አለች አንዷ ለቀስተኛ። «ቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ሲሉ፣ በቃ ያልፍልኛል እል ነበር።»

«አለፈልሽ?» አላት ያብስራ።

«ምን ያልፍልኛል፤ ድምፁ ነው እንጂ ደስ የሚለው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ መጣ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ስልኩን ተመለከተ። ማንም ምንም አልሰማም።

ማሂደር ውኃ ይዛ ገባች። «ዝም በይ እንጂ፣ እማ። ሟች አይስቅም።»

«ያቺ ጎረቤታችን ቆንጅት የታለች? ቀርታለች አይደል? እሷ ስትሞት እኔም አልሄድም።»

በዚያው ቀን በማሂደር ስልክ ላይ መልእክት ገባ። «ውድ ደንበኛ፣ የሐዘንዎ ተካፋዮች ነን። የሟች ድርሻ ከመስመርዎ ተነሥቷል። ለዘላቂ የፍላጎት ቅነሳ ስላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን።»

ሠልስት ደረሰ። ክንፎቹ አልዞሩም። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናኦል ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ባትሪው ሄዱ። ካርታው ቆመ። ያብስራ መቁረጫውን አጠፋ። ሁሉም የማሽኑን ጉርምርምታ መስማት ጀመሩ፤ እንደዚያ ዝም ሲባል ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ማሂደር መጋረጃው ፊት ቆመች። ጋሽ ናኦል እጃቸውን ገመዱ ላይ አደረጉ፤ እጃቸው ግን እዚያው ቀረ።

ጡሩምባው ከውጭ ተሰማ።

«የእድራችን አባላት ሆይ! ስሙ! ፀጉር አስተካካዩ ያብስራ በድንገት አርፏል!»

ያብስራ መቁረጫውን እንደያዘ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ?»

ሮቤል በድንኳኑ በር አጎንብሶ ገባ። «አንተ።»

«ምን ነካኝ?»

«ድንገት ነው አልኩህ እኮ።»

ያብስራ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ተመለከተ፤ ከዚያ መጋረጃውን ተመለከተ፤ ከዚያ ቁጭ አለ። «እሺ» አለ። «ቢያንስ ለቅሶዬ እዚሁ ይሁንልኝ፤ የእኔ ቤት ጠባብ ነው።»

ቤቱ ለጠበበ ሰው ጎረቤት ግቢ ይለቀሳል፤ ነባር ልማድ ነው። ጋሽ ናኦል እጃቸውን ከገመዱ ላይ አነሡ። «ነፍሱን ይማረው» አሉ፤ ወደ ያብስራ ሳያዩ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ በተራ በተራ ሞተ። ሮቤል ምክንያት ለመለዋወጥ ይጥር ነበር። አንዱ በአጭር ሕመም፣ ሌላው በረጅም ሕመም፣ አንዷ በዕድሜ፤ ገና በአርባዎቹ ውስጥ ስለሆነች በዚህኛው ተቀይማለች። ቆንጅት «መቼ ነው የእኔ?» እያለች ስትነዘንዘው ከርማ ሞተች፤ በለቅሶዋ ቀን እማማ ሶልያና ከመጋረጃው ጀርባ «በቂ ሰው አልመጣም» ብለው ተደሰቱ። ሟቾች የእርስ በርሳቸውን ለቅሶ ደረሱ። ከሌላው ሰፈር የሚመጣ እንግዳ «ይቺ ሰፈር ምን ገባባት?» ሲል «እርጋታ ነው» ይሉታል።

መልእክቶቹም ቀጠሉ። ጽሕፈት ቤቱ ለእያንዳንዱ ሐዘን ተካፋይ፣ ለእያንዳንዱ ቅነሳ አመስጋኝ ነበር። በመጨረሻ ለሰፈሩ በሙሉ አንድ መልእክት መጣ። ሰፈሩ የነዋሪዎቹን ፍላጎት ወደ ዜሮ በማውረድ በአገሪቱ የመጀመሪያው በመሆኑ «ሞዴል ሰፈር» ተብሏል። ሌሎች ሰፈሮች ለልምድ ልውውጥ እንዲመጡ ይደረጋል።

ክንፎቹ እንደቆሙ ነው። ያልሞቱት ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ ሮቤልና ጋሽ ናኦል። ሮቤል ሊሞት አይችልም፤ የሚነፋ ያስፈልጋል። ጋሽ ናኦል ደግሞ በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም፤ እስካሁንም ያደረጉት አለመጠየቅ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሠልስት ሊወጣ ሲል መጋረጃውን ከፍተው ገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ሶልያና።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሞቼ ውያለሁ።»

ጋሽ ናኦል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቱቦውን አዩት። የማሽኑን ትንሽ አረንጓዴ መብራት አዩት።

«የቀረሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ። አትጨነቅ፣ ናኦል። ብዙ ሰው ገደልኩ፤ ይበቃኛል። ገመድህን ንቀልና ሂድ።»

ጋሽ ናኦል ከአልጋው ጫፍ አልተነሡም። «የአባቴ ለቅሶ ላይ መጥተው ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«መጥቼ ነበር እንጂ። አጠገብህ ነበር የተቀመጥኩት። እጅህን የያዝኩህ እኔ ነኝ።»

«አላየሁዎትም።»

«ጨለማ ነበር።»

ጋሽ ናኦል ተነሥተው ወጡ። ሮቤል ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ንፋ» አሉት።

«ማንን ልበል፣ ጋሼ?»

«እኔን ነዋ። ሌላ ማን ቀረ? ምክንያቱን አሳጥረው። በሕመም ምናምን እንዳትል፤ ታምሜ አላውቅም።»

በዚያ ቀን ጋሽ ናኦል በገዛ ለቅሷቸው ላይ ከፊት ረድፍ ተቀመጡ። «ለእኔ አታልቅሱ» አሉ። «ለአባቴ አልቅሱለት።» ሰው አለቀሰ። ከዚያ ሁሉ ለቅሶ የእውነቱ ይኸኛው ነበር። ጋሽ ናኦል ማን እያለቀሰ እንደሆነ፣ አንድ በአንድ፣ በመብራት አዩ።

ንፋሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ክንፎቹ እየተንቀራፈፉ ዞሩ፤ ከተማው ልብሱን ይዞ ወደ ማጠቢያ ቤት ሮጠ። የማሂደር ሰፈር ግን አልሮጠም። የሞተ ሰው የንፋስ ድርሻ የለውም። ጋሽ ናኦልም ያሉት ነገር ይህ ነበር፤ «እንደሁኔታው እንኳ የለንም። አሁንስ ሁኔታም የለን።» ማሂደር የእናቷ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት መጠበቅ ጀመረች።

የጠፋ መብራት አልነበረም። የመጣው መልእክት ነው።

«ውድ ደንበኛ፣ በእርጋታው ወቅት በለቅሶ መስመርዎ ላይ የታየው ፍላጎት ቀንም ሌሊትም እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ስለሆነም ሰፈርዎ ከዛሬ ጀምሮ ጽኑ ደንበኛ ሆኗል። ይህ ሁኔታ ፍላጎትዎ እስካልተለዋወጠ ድረስ የሚጸና ነው። እንኳን ደስ አልዎ።»

ጭብጨባው ከድንኳኑ ውስጥ ተነሣ። ሙታን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቁም።

ጽኑ ደንበኛ መሆን ግን ሥራ ነው። ሰፈሩ መለዋወጥ አይችልም። ማሂደር ካውያ ስትሰካ ያብስራ መቁረጫውን ያጠፋል። ቆንጅት ምሳ ስትሠራ ሦስት ቤት መብራቱን ያጠፋላታል። ልጆች ሌሊት ሲተኙ የሆነ ነገር በርቶ ያድራል። እንግዳ እንዳይመጣ ለዘመድ አዝማድ ተነገረ። በዓል ሲመጣ ትርፍ ወጥ አልተሠራም። ቀስ በቀስ ሰዎቹ በአንድ ዓይነት እርምጃ መሄድ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ማውራት ጀመሩ። ከኮረብታው ላይ ሲታዩ ሰፈሩና የስሌት አዳራሾቹ አይለዩም ነበር፤ አዳራሾቹ ጣሪያቸው ይሻላል እንጂ። የዚህ ሁሉ መሠረት የእማማ ሶልያና ማሽን ነው። ሌላው ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይካካሳል። እሱ ብቻ ሳያቋርጥ ያጉረመርማል።

በመስከረም አዲሱ አተያይ ተነበበ። ለቅሶ ተስፋ ሰጪ የኃይል ዘርፍ መሆኑ ተገልጿል። ትንሹ የኑክሌር ማብላያም እንዲሁ። እማማ ሶልያና ሬዲዮውን ጆሯቸው ሥር አድርገው የወጣቷን አንባቢ ድምፅ ሰሙ።

«‹ወሳኝ› ላይ ትቸኩላለች» አሉ። «እኔ እዚያ ላይ አርፍ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለእኔ ግን አምስት ዓመት በዛብኝ፣ ማሂ።»

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ መስኮቱ ላይ እያለ፣ ማሂደር ሾርባ ይዛ ገባች። እናቷ አልጋው ላይ ነበሩ። ማሽኑ ይተነፍሳል። እማማ ሶልያና አይተነፍሱም።

ሾርባውን መሬት ላይ አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች። ማሽኑ ግን ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ቱቦው ውስጥ አየሩ ያፏጫል፤ አንድ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ በሰላም የተኛ ይመስላል። በዚህ ድምፅ ላይ ማልቀስ አልተቻለም።

ያብስራ በሩ ላይ መጣ፤ ፊቷን ሲያይ ገባው። ሮቤልና ጋሽ ናኦል ተከትለውት ገቡ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም የማሽኑን ትንፋሽ ሰሙ።

«ማሽኑ ይሥራ እንጂ» አለ ያብስራ በቀስታ። «ምን ይጎዳል? ከጠፋ እኮ ሰፈሩ በሙሉ…» አልጨረሰውም። ነገሩ ልክ ነበር። ማንም አልተቆጣውም።

«ጋሼ» አለች ማሂደር፤ «እየተነፈሰብኝ ማልቀስ አልቻልኩም።»

ጋሽ ናኦል መነጽራቸውን አላወለቁም። አዩዋት። «አጥፊው» አሉ።

ማሂደር ጎንበስ ብላ ማሽኑን አጠፋች። አረንጓዴው መብራት ጠፋ። በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ሬዲዮ ሲቆም፣ የቆንጅት ምድጃ ሲቋረጥ፣ የያብስራ ሱቅ አምፖል ሲጨልም ተራ በተራ ታወቃቸው። የማሂደር ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው። «ውድ ደንበኛ፣ ፍላጎትዎ ተለዋውጧል።»

ሮቤል ጡሩምባውን ይዞ ቆሞ ነበር። «ለእሳቸው እኮ ነፍቻለሁ» አለ ግራ ተጋብቶ። «እድሩ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አያለቅስም። ደንቡ ነው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚሉት።»

«የመጀመሪያው ለባትሪው ነበር» አሉ ጋሽ ናኦል። «ይኼ ለእሳቸው ነው። ንፋ።»

ሮቤል ወጥቶ ነፋ። ምክንያት አልጨመረም፤ «ወደፊት ይገለጻል» የሚለውንም አላለም። የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ተናገረ።

ኮረብታው ላይ ክንፎቹ በኃይል እየዞሩ ነበር፤ ለሌላ ሰፈር። ሰዉ ከየቤቱ ወጣ። እንደለመደው ቀና ብሎ ክንፎቹን አየ፣ ከዚያ ወደ ማሂደር ግቢ ገባ። ቆንጅትም መጣች፤ በሩን አልፋ ሳታወራ ተቀመጠች። ማሂደር ጮኻ አለቀሰች። ግቢው ሞላ።

ስልኩን ይዞ የመጣ አልነበረም።